አደይ ጣይባን የጠረጠርኩበት ሐሙስ

የተከበራችሁ ሸኾቻችን፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ከአጥሩ ማዶ የመጣችሁ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን፣ አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ። ዘኪያ ነኝ፣ በርበሬ ሻጯ። ሃያ ዓመት መቐለ ኖሬም ትግርኛዬ ይሰባበራል፤ በደሴ አማርኛዬ ታገሱኝ።

ከትናንት ወዲያ የእናታችን የአደይ ጣይባ ጀናዛ ከዚህ ግቢ ሲወጣ ቤተሰቡ "የተቀየመ ካለ አውፍ ይበላቸው፣ ይቅር ይበላቸው" ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም "አውፍ ብለናል" አልን። እሳቸውንስ ማን ጠየቀልን? ላማናቸው፣ ለጠረጠርናቸው፣ "አውፍ ይበሉን" ብሎ ማን ለመነልን? የቆምኩት ለዚህ ነው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ፣ ልጃገረዶች እዚች ክፍል ገብተው ስለ ሃይማኖት ይማሩባቸው፣ ይጠይቋቸው ነበር። "ይሄ ለምን ተከለከለ? ይሄስ የቁርአን ነው ወይስ የአያቶቻችን ልማድ?" እኔ ብሆን በጥፊ ነበር የምመልስላቸው። ልጄ ረሒማ አንድ ቀን ልትጠይቀኝ ስትጀምር "ዝም በይ፣ እንዲህ አይጠየቅም!" አልኳት። ከዚያ እዚህ መምጣት አበዛች። ሌሎቹ ሲወጡ የእሷ ጫማ ብቻውን በሩ ላይ ይቀራል። "ምን አወራችሁ?" ስላት "ምንም" ትላለች። ምንም ይሄን ሁሉ ሰዓት ይፈጃል? ጠረጠርኩ።

አንድ ሐሙስ እዚያ መስኮት ሥር ሽንኩርት የምመርጥ መስዬ ቁጭ አልኩ። አትሳቂ ጎረቤቴ ለተንሳኤ፣ ሽንኩርቱ ያንቺ አልነበር? አደይ ጣይባ ሲናገሩ ሰማሁ። "ባሏ የጠፋባት ሴት አራት ዓመት ትጠብቅ ያሉ ሊቃውንት አሉ። ከዚያ የኀዘን ወራቷን ቆጥራ ማግባት ትችላለች።"

ደሜ ፈላ። የእኔ ባል ሙጂብ በጦርነቱ ጊዜ ወጥቶ እንደቀረ ታውቃላችሁ። ሞቱም አልተነገረኝ፣ መኖሩም። ታዲያ ልጄ አባቷን ቀብራ እኔን ልትድር ነው? ለማን?

ያልነገርኩት ሰው አለ? "ልጆቻችሁን ሰብስቡ፣ ጣይባ እናቶችን መዳር ጀምራለች" አልኩ። አንቱታውን እንኳ ነፈግኳቸው። ሰማችሁኝ። አመናችሁኝ። ሞልቶ ይተርፍ የነበረው ክፍል ሦስት ልጅ ብቻ ቀረው።

አንድ ቅዳሜ ገበያ መጡብኝ። በሰው ፊት "ልጄን ምንድን ነው የሚያስተምሯት?" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። "ዘኪያ ጓለይ፣ ልጄ፣ በርበሬሽ ይፋጃል ይላሉ፤ ምላስሽን ያልቀመሰ ነው እንዲህ የሚል" ብለው ግማሽ ኪሎ ገዝተው ሄዱ። ገበያው ሳቀ። እኔ ግን ይብሱን ጠረጠርኩ። ንጹሕ ሰው አይምልም? አይከራከርም?

ትናንት ረሒማ ነገረችኝ። በፊታችሁ እንድናገርም የፈቀደችልኝ እሷው ናት። ጥያቄዋ ስለ አባቷ ነበር። "አስከሬኑ አልተገኘም። እንደ ሞተ ሰው ልስገድለት፣ ወይስ እንዲመለስ ዱዓ ላድርግ? አንዱን ሳደርግ በሌላው እዋሻለሁ። መስገድም አቃተኝ" ብላቸው ነበር። ልጄ ሶላት አቁማ ነበር፣ እኔ እናቷ አላየሁም! አደይ ጣይባ "አላውቅም፣ እጠይቅልሻለሁ" አሏት። በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ቁሓ ድረስ ሄደው ሸኽ ጠየቁ። ተመልሰው "'አላህ ይዘንለት' በይ" አሏት። "ያለውም የሞተውም እዝነት ይፈልጋል። በዚህ ውስጥ ውሸት የለም።" ልጄ በዚያች ቃል ወደ መስገጃዋ ተመለሰች።

ገበያ ላይ ለምን በቀልድ አለፉኝ? ቢናገሩ የልጄ ምሥጢር ይወጣ ነበር። የራሳቸውን ስም አስበልተው የልጄን ስም ጠበቁ።

የአራት ዓመቱስ? "እሱን ለአንቺ ብዬ ነው የጠየቅኩት እማ፤ እንደማትጠይቂ አውቃለሁ" አለችኝ። እውነቷን ነው። እናንተ ሰዎች፣ ያ ጥያቄ የእኔ ነበር። አምስት ዓመት ከራሴም ደብቄው ኖርኩ። አደይ ጣይባን የጠረጠርኩት የገዛ ልቤን ሲናገሩት ብሰማ ነው።

ባማሁበት አፌ፣ በሰማችሁኝ ጆሮ ፊት፣ ዋሽቻለሁ። ልጆቻችሁን መልሱ። ትልልቆቹ ተማሪዎቻቸው ሐሙስን አይዘጉትም። እኔም ከልጆቹ መሐል እቀመጣለሁ፤ የምጠይቀውን በራሴ አንደበት እጠይቃለሁ።

አደይ ጣይባ፣ እኛ ሴቶች ቀብርዎ ድረስ አልሸኘንዎትም፤ ከደጅዎ ሆነን ነው የምንሰናበትዎት። ቀብርዎ ይስፋልዎ፣ ይብራልዎ። አላህ ፊት ስሜ ሲነሳ፣ "ዘኪያን አውፍ ብያታለሁ" ይበሉልኝ። በሰላም ይሂዱ፣ እናቴ።