ምንጩ የሞላበት ዓመት

አቶ ገብረየስ ያን ዕለት ቁርሳቸውን የበሉት ቆመው ነው። ሐምሌ ገብቷል። በማግስቱ የቀን ሠራተኞች መጥተው ሁለት ሺህ የባሕር ዛፍ ችግኝ ሊተክሉላቸው ነው። ችግኙ በግቢያቸው ተደርድሮ ሥሩ ከላስቲኩ መውጣት ጀምሯል፤ ሰማዩ ደግሞ አንዴ ይጠቁራል፣ አንዴ ይገለጣል። ለሠራተኞቹ አለቃ ከነጋ ሦስት ጊዜ ደወሉ። በሦስተኛው ሰውየው «እንመጣለን አልኩ እኮ፣ አባቴ» ብሎ ዘጋባቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አትክልት «ኧረ ተቀመጥ፣ ወለሉን ጨረስከው» ቢሏቸው፣ ጭራሽ ዱላቸውን አንስተው ከቡራዩ በገፈርሳ አቅጣጫ ወደ ጨፌያቸው ወረዱ።

ጨፌው ሣር የሚታጨድበት፣ በጋም ቢሆን እግር የሚያረጥብ መስክ ነው። መሀሉ ላይ ምንጭ አለ። የአቶ ገብረየስ አራት ላሞች ከዚያ ይጠጣሉ፤ የሰፈሩ ቧንቧ ሲጠፋ ደግሞ፣ መቼም መጥፋቱ አዲስ ነገር አይደለም፣ ሠላሳ ያህል ቤተሰብ ጄሪካኑን ይዞ ከዚያው ይቀዳል። ችግኙ የታሰበው እንግዲህ ለዚህ ምንጭ ዙሪያ ነበር፤ ባሕር ዛፍ እርጥብ ቦታ ላይ ቶሎ ይመዘዛላ።

አቶ ገብረየስ ጨፌው ዳር ሲደርሱ ከምንጩ አጠገብ አንድ ሰው አጎንብሶ ሜትር ሲዘረጋ አዩ። ደማቸው ፈላ። በዚህ አካባቢ ሜትር የያዘ ሰው መሬትህ ላይ ካየህ ለወራት እንቅልፍ የለህም።

«ማነህ አንተ? የማንን መሬት ነው የምትለካው?» እያሉ በጭቃው ውስጥ ተንደረደሩ።

ሰውየው ቀና ሲል ሴት ሆነ። ያውም የማያውቋት አይደለችም፤ ሉብና ናት፣ ገበያው ውስጥ ሚስማርና ሲሚንቶ የሚነግደው የሐጂ ሀሰኖ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች እንደሆነ አባቷ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ያወራል።

«መሬቱን አይደለም፣ ጋሽ ገብረየስ፤ ውሃውን ነው የምለካው» አለች፣ በአክብሮት ዝቅ ብላ። «ባለፈው ሳምንት ቤት ድረስ መጥቼ አጣኋችሁ። ሳላስፈቅድ መግባቴ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ቁጣቸው በረደ እንጂ ልባቸው አልተረጋጋም። ውሃ ተለክቶ ምን ሊደረግ? ይህንኑ ጠየቋት። እሷም ከኋላቸው ያለውን ኮረብታ፣ ጨፌውንና ምንጩን እያሳየች ነገረቻቸው። የዚህን ቦታ አምሳያ ኮምፒውተር ውስጥ ሠርታለች፤ ሞዴል ይሉታል። ዝናቡ ሲዘንብ፣ አፈሩ ሲይዘው፣ ሣሩና ዛፉ ሲጠጡት፣ የተረፈው በምንጩ ሲወጣ፣ ኮምፒውተሩ ቀን በቀን ያሰላዋል። አንዱን ነክተው ሲቀይሩት ሌላው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ያሳያል።

«ነገን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው» አሉ አቶ ገብረየስ። «በእናንተስ ቤት እንዲሁ አይደል?»

«እንዲሁ ነው፣ ጋሼ። ኮምፒውተሩም ዝናቡ ይመጣል ወይም አይመጣም አይልም። ዝናቡ ይህን ያህል ቢሆን፣ ዛፉም ይህን ያህል ቢሆን፣ ምንጩ እንዲህ ይሆናል ነው የሚለው። አንቱስ የነሐሴን ዝናብ አይተው የጥቅምትን ድርቆሽ ይገምቱ የለ? አባቴ፣ ‹ገብረየስ የገመተው ድርቆሽ አይስትም› ይላል። ያ በጭንቅላትዎ ያለው ግምት ሞዴል ነው። የእኔ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው፣ ሲሳሳትም እንዲያርመው ወደ ውጭ የወጣ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።»

ሽንገላ መሆኑን ጠረጠሩ፤ ደስ ማለቱን ግን አልተወም። ደስታው የቆየው ስለ ችግኙ እስኪያነሱ ድረስ ብቻ ነበር። ልጅቱ ምንጩ ዙሪያ ባሕር ዛፍ እንዳይተክሉ ለመነቻቸዋ!

አቶ ገብረየስ እዚህ ላይ የልባቸውን ተናገሩ። ዛፉን የሚተክሉት ለአጣናው ብቻ አይደለም። ሣር ብቻ የበቀለበት መሬት በዚህ ዘመን ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ አላፊ አግዳሚው ይቋምጥበታል። ዛፍ የቆመበት ግን ሰው እጁን ያሳረፈበት ነው። ይህ ፍርሃታቸው የሞኝ ፍርሃት አይደለም፤ በሰበታም በሱሉልታም ስንቱ በዚሁ ፍርሃት ጨፌውን ወደ ዛፍ ለውጧል። ችግሩ፣ መሬትን ከሰው ዓይን ለማዳን ሲባል ውሃን ለዛፍ ሥር ማስረከብ መምጣቱ ነው።

በዚህ መሀል ዝናቡ ወረደ። ተያይዘው የድርቆሽ ማስቀመጫው ዳስ ውስጥ ገቡ፤ ሉብናም ላፕቶፗን ከፈተች። አቶ ገብረየስ አርባ ዓመት አጣና የነገዱ ሰው ናቸው፤ ያልቀመሱትን አይገዙም። የሚያውቁትን ጠይቀውት ካልመለሰ፣ የማያውቁትን ምን ብለው ያምኑታል? ያለፈውን ንገሪኝ አሏት።

«ሁለት ሺህ ስምንት፣ ከፋሲካ በፊት?»

ልጅቱ ቁልፉን ነካካች። «ምንጩ ደርቋል ይላል።»

እውነት ነው፤ ያኔ ላሞቹን ገፈርሳ ድረስ እየነዱ ነው ያጠጡት። ሌላም ሁለት ዓመት ጠየቁ፤ መለሰ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

«እሺ፣ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ፣ ሚያዝያ ላይ?»

«በልጉ ስለቀረ በጣም ደክሟል፤ ለመድረቅ ትንሽ ነው የቀረው ይላል።»

አቶ ገብረየስ ጭናቸውን መትተው ሳቁ። ያን ዓመት ጠብታ በልግ ሳይጥል ምንጩ ሞልቶ ፈሷል! ጊደራቸው እዚሁ ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዷ ሰጥማ ስድስት ሰው ነው ጎትቶ ያወጣት። ሰፈሩም ምስክር ነው። እንዴት እንደሞላም ያውቃሉ፤ ምንጩ ይሙላልኝ ብለው ለቅዱስ ሚካኤል ጃንጥላ ተስለው ነበር። ሞላ፤ ጃንጥላውን አገቡ። ይህን ያላወቀ ኮምፒውተር ምኑን አወቀው?

ሌላ ተማሪ ቢሆን ሰበብ ይደረድር ነበር። ሉብና ግን ፊቷ ቀልቶ፣ «ስለ ስእለትዎ እኔ የምለው የለኝም፤ የሚከበር ነገር ነው» አለች። «ስህተቱ ግን የእኔ ነው። ያልነገርኩት ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ አላወቅሁም።»

አቶ ገብረየስ ረትተው ወጡ። ዝናቡ ሳያባራ ኮረብታውን ያዙ፤ ችግኙ ይተከላል፣ ነገሩ አለቀ። የረታ ሰው ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እሳቸውን ግን የሆነ ነገር ጎርበጥ እያደረጋቸው ነው። ኮረብታው ወገብ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው አንድ ባሕር ዛፍ ተደግፈው ቆሙ። ዛፉ ከአንድ ጉቶ ላይ ከበቀሉ አራት ግንዶች አንዱ ነበር። ጎናቸው ያለውም እንዲሁ፤ ከዚያ ያለውም። ኮረብታው በሙሉ ከጉቶ ያቆጠቆጠ ነው።

መቼ ነው የተቆረጠው?

መልሱ መጣላቸው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ነው። ለግንበኛ መወጣጫ አጣና ተፈልጎ፣ ይህን ኮረብታ ከላይ እስከ ታች አስመንጥረው በአይሱዙ ያስጫኑት ራሳቸው ናቸው። ተቆርጦ ያለቀው በሁለት ሺህ አሥር በጋ ነው። ምንጩ የሞላው ደግሞ በቀጣዩ ዓመት፣ ውሃውን የሚጠጣ ዛፍ በሌለበት። ቁጥቋጦው ሲያድግ ውሃው ቀስ በቀስ ወደ ድሮው መመለሱንም አሁን አሰቡት።

ይህን ከእሳቸው በቀር ያሰበ የለም። ዝም ቢሉ ኮምፒውተሩ ውሸታም፣ እሳቸው ስእለታቸው የሰመረላቸው ሰው እንደሆኑ ይቀራሉ። ስንት ዓመት በሠርጉም በለቅሶውም ያን ስእለት አውርተዋል! አፍረው ቆሙ፤ ወደ ላይ ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ቆሙ። ሠላሳው ቤተሰብ ባይታወሳቸው ኖሮ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ታወሳቸው፤ ቁልቁል ወረዱ።

ሉብና እቃዋን ስታስር ደረሱባት። «ልጄ፣ ኮረብታው ያኔ ራቁቱን ነበር። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት።»

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። ሞዴሉ ውስጥ የኮረብታውን ዛፍ የሞላችው በሳተላይት ከሰማይ የተነሣ የአንድ ዓመት ፎቶ አይታ እንደሆነ፣ ያም ፎቶ ዛፉ መልሶ ካደገ በኋላ የተነሣ በመሆኑ ሁልጊዜ እንዲሁ የቆመ መስሏት እንደነበር ነገረቻቸው። ላፕቶፑን እንደገና ከፍታ፣ ሞዴሉ ውስጥ በሁለት ሺህ አሥር ዛፉን ቆረጠችው። የምንጩን ውሃ የሚያሳየው ሰማያዊ መስመር በሚያዝያ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ሽቅብ ወጣ።

አቶ ገብረየስ መስመሩን ጎንበስ ብለው አዩት። «ሚካኤል ስእለቴን የሰማኝ በገዛ መጥረቢያዬ እንደሆነስ ማን ያውቃል?» አሉ በመጨረሻ። ቀጥለውም፣ «በይ፣ የነገውን ችግኝ ትከዪበት።»

ተከለችው። በጥሩ ዝናብ ሞከረችው፣ በመካከለኛ ሞከረችው፣ በድርቅ ሞከረችው። በመካከለኛው ዝናብ ምንጩ በአራተኛው ዓመት የካቲት ላይ ይነጥፋል፤ በድርቁ በሦስተኛው። በጥሩው እንኳ ውሃው ላሞቹን ለማጠጣት አይበቃም።

«ሊሳሳት ይችላል?»

«ይችላል። ዛሬ አንቱ ፊት ተሳስቷል፤ ያረሙትም አንቱ ነዎት። ዓመቱን ሊስት ይችላል። ግን ጋሼ፣ እዚህ ሳጥን ውስጥ ሺህ ጊዜ ተሳስተን ሺህ ጊዜ ብንተክል ምንጩ አይደርቅም። ጨፌው ላይ አንዴ ብንሳሳት ማን ይመልሰዋል?»

አቶ ገብረየስ ተረቱ። መሬቱስ እንዴት ይከበር ቢሏት፣ እሱንም ሞከሩት። ችግኙን ከምንጩ ርቆ፣ ውሃው ከማይመጣበት ከአስፋልቱ ወገን ባለው ድንጋያማ ድንበር ላይ በአንድ ረድፍ አቆመችው። መስመሩ ብዙም አልወረደም። ድንበር ላይ የቆመ ዛፍ ባለቤት መኖሩን መሀል ላይ ከቆመው ይልቅ ያሳያል፤ የተረፈውን ችግኝ ደረቅ መሬት ላለው ሰው መስጠት ይቻላል።

በማግስቱ ሠራተኞቹ ድንጋዩን ሲቆፍሩ እያማረሩ ዋሉ። አቶ ገብረየስ ግን እረፍት አላገኙም፤ ከምንጩ ማዶ ያለው መሬት የአቶ አሥራት ነውና፣ አሥራት ደግሞ አምና ስምንት መቶ ዛፍ ተክሏል። የእነሱ ሥርም የሚጠጣው ከዚያው ምንጭ ነው።

እሁድ የእድር ስብሰባ ላይ ተነሡ። ስንት ዓመት ስለ ስእለታቸው ያወሩትን፣ ስለ መጥረቢያው ግን ያላወሩትን ነገሩ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ፊታቸው ቢቀላም አላቋረጡም። ምንጩ ከቆየ ሴቶቹ ቧንቧ በጠፋ ቁጥር ውሃ ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ እንደማይንከራተቱ፣ ሣሩ እርጥበቱን ይዞ ሁለት ጊዜ እንደሚታጨድ፣ ወተቱም እንደማይጎድል አንድ በአንድ ዘረዘሩ። ሽማግሌዎች የሚያስታውሱትን ደረቅ ዓመትና እርጥብ ዓመት ለሉብና እንዲነግሯትም ለመኑ፤ ኮምፒውተሩ ያልተነገረውን አያውቅም።

አቶ አሥራት ከመቀመጫው ሳይነሣ ጠየቀ። «እኔ ዛፌን ነቅዬ፣ ኋላ ያ ሳጥን ተሳስቶ ቢገኝስ? በከንቱ መክሰሬ አይደለም?»

«እሰይ፣ ይሳሳት» አሉ አቶ ገብረየስ። «እኔ ሞኝ ተብዬ ምንጩ ቢኖር ይሻለኛል። ልክ ሆኜ ቢደርቅ ማን ውሃ ያጠጣኛል?»

እድርተኛው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ።

ሰኞ ጠዋት ላሊሴ የምትባል የሰፈሩ ሴት ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ አሥራት ለብቻው ዶማ ይዞ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አገኘችው። ከመቶ በላይ ነቅሎ ደርድሯል። «አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ፣ ምን ሆነው ነው?» አለችው። «ምንም» አላት ቀና ሳይል። «ለአንቺ ውሃ እያስቀረሁ ነው።» ላሊሴ ጄሪካኖቿን አስቀመጠችና ነጠላዋን አደግድጋ ቀጣዩን ዛፍ በሁለት እጇ ያዘች።