የድንጋይ ካርታ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በሚያዝያ ወር፣ ባላምባራስ ኃይለየሱስ ከአሰላ ገበያ በበቅሎ ሲመለሱ፣ ከእርሻቸው በላይ ባለው ጉብታ ላይ አንድ ኮት የለበሰ ወጣት ድንጋይ በመዶሻ እየመታ ድምፁን ሲያዳምጥ አገኙት። ሰው ከድንጋይ ጋር ሲመካከር አይተው ስለማያውቁ በቅሎዋን ገቱ።

«እንደምን ዋልክ ልጄ? ከሰው መሬት ላይ ምን ጠፋብህ?»

ወጣቱ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንደምን ዋሉ አባቴ? ፈቃደ እባላለሁ። አዲስ አበባ ምሕንድስና ተምሬ ሥራ የያዝኩ ነኝ። ለጎርፍ መከላከያ የሚሆን ድንጋይ የት የት እንደሚገኝ ካርታ እያነሣሁ ነው።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ባላምባራስ የሰሙት «ካርታ» የሚለውን ብቻ ነበር። ካርታ ለእርሳቸው ማኅተም ያረፈበት፣ በሣጥን ተቆልፎ የሚኖር የመሬት ማስረጃ ነው። በልጅነታቸው ቀላድ ተጥሎ መሬት ሲለካ፣ የአንዱ ማሳ ለሌላው ሲዞር በዓይናቸው አይተዋል። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህ ጉብታ ካርታ አለው። በስሜ ነው። ሁለተኛ ካርታ አያስፈልገውም።»

«እኔ የማነሣው የባለመሬት ካርታ አይደለም» አለ ፈቃደ በትሕትና፤ ወረቀቱንም ዘረጋላቸው። «ይኸው፣ ራስዎ ይመልከቱ።»

ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸውና ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አነበቡት። ኢተያ አለ፤ ኦጎልቾ አለ፤ ወንዙም አለ። የእርሳቸው ስም ግን የለም። እፎይ ማለት ሲገባቸው ጭራሽ ቅር አላቸው። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ስሙ ቢጻፍ ይፈራል፣ ባይጻፍ ይከፋዋል።

«ድንጋይ በየሜዳው ሞልቶ ሳለ ካርታ ምን ያደርግለታል?» አሉ። «እኛ በየዓመቱ ግንቦት ላይ በደቦ ወጥተን ነጩን ድንጋይ ከወንዙ ዳር እንክባለን። የቀረውን እግዜር ያውቃል።»

«ያምናው ካብ ታዲያ አለ?»

ካቡ የለም። ባለፈው ክረምት ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጎርፍ እርሱን ጠራርጎ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያንን አጥር ገምሶ ወስዷል። ከአጥሩ ቀጥሎ ያለው መቃብር የባለቤታቸው የወይዘሮ ውድነሽ ነው። መጪው ክረምት እንዳምናው ከሆነ አጽሟን ወንዝ ይወስደዋል። ይህን ለማንም ባይናገሩም ከፋሲካ ወዲህ እንቅልፍ አጥተው ነበር።

«ውሃ የእግዜር ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ድንጋዩም የእርሱ ነው አባቴ። ጠንካራውን ከደካማው የምንለይበትን አእምሮም የሰጠን እርሱ ነው። ነጩን ድንጋይ የመረጣችሁት ቅርብ ስለሆነ እንጂ ጠንካራ ስለሆነ አይደለም። ውሃ ሲጠጣ ይፈረፈራል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።» ከዚያም የጉብታውን ጥቁር ድንጋይ ቢመታው እንደ ደወል ጮኸ። «እንዲያው ልጠይቅዎ፤ የቤትዎ ወፍጮ ከየትኛው ድንጋይ ነው?»

ባላምባራስ የወፍጮውን አመጣጥ አስታወሱ። ውድነሽ ሙሽራ ሳለች ለወፍጮ ብለው ነጩን ድንጋይ አምጥተውላት ነበር። «ይኼማ ዱቄቴን አሸዋ ያደርገዋል፤ ከጉብታው ጥቁሩን አምጡልኝ» ብላ መለሰቻቸው። እየተነጫነጩ ወጥተው አመጡላት። ዕድሜዋን ሙሉ ፈጭታበት ወፍጮው ዛሬም አለ።

«ከዚሁ ነው» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልደበቁትም። «ለዱቄቷ የናቀችውን ድንጋይ ነው እኔ ለመቃብሯ የከመርኩት።»

ፈቃደ መዶሻውን መሬት አኖረ። ባላምባራስ እንባቸውን ጠርገው ጠየቁ። «እሺ፣ ጥቁሩ ይሻላል። ካርታውስ ለምን?»

«ጎርፍ ከደረሰ በኋላ ሰው እጁ ያገኘውን ይወረውራል እንጂ አይመርጥም። ጠንካራው ድንጋይ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሚበቃ፣ በየት በኩል በበሬ እንደሚጎተት አስቀድሞ ከታወቀ ግን እናንተም ትድናላችሁ፤ ከታች ያለው የኦጎልቾ ገበሬም እርሻው አይታጠብበትም። ድንጋዩ ደግሞ ያለ እርስዎ ፈቃድ አይነሣም።»

«ፈቅጃለሁ» አሉ።

በግንቦት ደቦው ከወንዝ ዳር ወደ ጉብታው ዞረ። ጎረቤታቸው ዲሪባ በሬዎቹን እየጠመደ፣ «ኧረ ባላምባራስ፣ ነጩ ቅርብ አይደል?» ቢላቸው፣ «ቅርቡማ አምናም ቅርብ ነበር» አሉት። ፈቃደ እንዳሳያቸው ደቃቁን ከሥር አነጠፉ፤ በሬን የሚፈትነውን ትልልቁን ከላይ ደረደሩ። በሐምሌ ወንዙ ሞልቶ መጣ። ባላምባራስ ካባቸውን ደርበው ከአጥሩ ዳር ቆመው አዩት። ውሃው ድንጋዩን እየገፋ አጉረመረመ፤ ከዚያም መንገዱን ይዞ ወረደ።

ልማድ ክፉ አይደለም፤ ሳይመረምሩ መድገሙ ነው ክፉው። ያ መንደር ዋጋውን ከፍሎ ይህን ተማረ፤ ከዚያ ወዲህም ድንጋዩን በበጋ መርጦ ያዘጋጃል።

መስከረም ሲጠባ ፈቃደ ተመልሶ መጣ። ወረቀቱን ዘርግቶ፣ «ጉብታው ስም የለውም። ማን ልበለው? በስምዎ ልጻፈው?» አላቸው።

ባላምባራስ ወደ ገብርኤል ዞረው አዩ። «የለም፤ የውድነሽ ወፍጮ በለው።»

ፈቃደ ጻፈ። ሽማግሌው ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ ደግመውም አነበቡት።

«እንግዲህ እሷም ካርታ አላት» አሉና ወረቀቱን መለሱለት።