የልብስ ሰፊው ደብተር ምስክርነት

ልብስ ሰፊው በሰፈሩ የሚከበሩት በሁለት ነገር ነበር። እሳቸው የሰፉት ልብስ አይተረተርም፤ እሳቸው ያስታረቋቸው ባልና ሚስትም አይለያዩም። ስለ ሁለቱም ማውራት ስለሚወዱ፣ ልኩን ሊሰጥ የመጣ ደንበኛ እጁን ዘርግቶ እንደቆመ የሦስት ትዳር ታሪክ ሳይሰማ አይወጣም። ክፋት የሌለባቸው ሰው ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ጥፋት የሚሠሩት ክፉዎች ብቻ የሚመስሉት አንባቢ ካለ እንዳይሳሳት ብዬ ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የእህታቸው ልጅ ሳትታሰብ ከሱቃቸው ደጅ ተገኘች። ልጅቱ ጠበቃ ናት። የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ የጥቁር ካባዋን ጫፍ ረግጣ ተቀዶባታል። ከሰዓት በኋላ ችሎት ስላለባት ቅርብ ያለ ሰፊ ስትፈልግ ነው እግሯ ወደ አጎቷ ሱቅ ያመጣት።

«ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ነው የወጣችው» አሉ ልብስ ሰፊው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው። «ካባሽ ባይቀደድ ኖሮ አጎት እንዳለሽም ትዝ አይልሽም ነበር።»

«ጥፋት አለብኝ አጎቴ፤ እየሰፉ ይቆጡኝ፣ እሰማለሁ» አለችና ከመተኮሻው ጠረጴዛ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

ዓይኗ መስቀያው ላይ ካለ አንድ ቀሚስ ላይ አረፈ። ጨርቁ ወፍራም፣ እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ፣ አንገትጌው ደግሞ አገጭ ሊነካ ምንም ያልቀረው ነው። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሱቁ ውስጥ ማራገቢያው ሙቅ አየር ከማመላለስ በቀር የሚፈይደው የለም።

«በዚህ ሙቀት ይህን የምትለብሰው ማን ናት?»

«የፋርማሲስቱ ሚስት ናት፤ ትምህርት ቤት ጸሐፊ የሆነችው። ቀሚሱን የሰፋሁላት በስጦታ ነው። ሳምንት ሙሉ እህቷ ዘንድ ከርማለች፤ ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ሁለቱንም እዚህ ጠርቼ አስታርቃቸውና ወደ ቤቷ ትመለሳለች።»

«በምን ተጣሉ?»

ልብስ ሰፊው ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ሁለቴ ሳታቸው። «እጁን ያነሳባታል» አሉ በመጨረሻ። «እጁ ትንሽ ፈጣን ነው።»

«ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ አስታርቀዋቸዋል?»

«ሦስት ጊዜ።»

«አጎቴ፣ ሦስት ጊዜ የተተረተረ ስፌት ቢመጣልዎ በዚያው ክር መልሰው ይሰፉታል?»

«ልብስና ትዳር አንድ አይደለም ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ቆጣ ብሏል። «እናንተ የተማራችሁት ቤት ማፍረስ ይቀናችኋል። ሁለት ልጆች አሏቸው። ሰውየው ደግሞ ጨዋ ነው፤ በሁለት እጁ ነው የሚጨብጠኝ። በተጣሉ ቁጥር እዚሁ እግሬ ላይ ወድቆ፣ አልቅሶ፣ ቃል ይገባል።»

«ማልቀሱን አምናለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መድኃኒት ቤት የሚነዘንዝና የሚሳደብ ደንበኛ አይጠፋም። ደንበኛ መትቶ ያውቃል?»

«ምን ነካሽ? ደንበኛማ እንዴት ይመታል?»

«ለምን አይመታም?»

«ይከሰሳላ» አሉና መርፌያቸው ጨርቁ ላይ ቀረ።

«አዎ፣ ይከሰሳል» አለች ጠበቃዋ ቀስ ብላ። «እንግዲያው እጁ ፈጣን አይደለም፤ የት መፍጠን እንዳለበት ያውቃል። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሕግ አለ። ቤቱ ውስጥ ግን ከእርስዎ በቀር የሚፈራው የለም፤ እርስዎ ደግሞ ይቅር ይሉታል።»

ሽማግሌ ሰው ክርክር ሲረታ ወዲያው እጅ አይሰጥም፤ ሌላ በር ይፈልጋል። ልብስ ሰፊውም ፈለጉ።

«እሺ ይከሰስ። እስር ቤት ስታስገቡት ልጆቹን ማን ሊያበላ ነው?»

«ሕጉ በመጀመሪያ እሰሩት አይልም። ዳኛው የጥበቃ ትእዛዝ ይሰጣል። ከቤት የሚወጣው መቺው ነው፤ እሷና ልጆቹ እዚያው ይኖራሉ። ወደ ቤቷም ወደ ሥራዋም እንዳይቀርብ ይታዘዛል። ሥራውን እየሠራ ቀለብ ይቆርጣል፤ ልጆቹን የሚያይበት ቦታና ሰዓትም ይወሰንለታል። ትእዛዙን ከጣሰ ነው ፖሊስ የሚይዘው።»

«ያው ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ቡጢ አይመልስም።»

«ብቻውን አይመልስም፤ ለምን እዋሽዎታለሁ፣ ትእዛዝ ጥሰው የመጡ አይቻለሁ። ለዚህ ነው አንዱ ቅጂ ፖሊስ ጣቢያ የሚቀመጠው፣ ሌላውን እሷ የምትይዘው። ወረቀቱ ሳይኖራት ብትደውል ‹የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ታረቁ› ትባላለች። ወረቀቱ ካለ ግን ፖሊሱ ማን ጀመረው ብሎ አይጠይቅም። ‹አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ› ነው የሚለው።»

ልብስ ሰፊው ካባውን አገላብጠው ስፌታቸውን መረመሩ። «የሰው አፍስ? ገበናዋ አደባባይ ይወጣል።»

«ችሎቱ በዝግ ነው የሚታየው። ደግሞስ አጎቴ፣ ገበና የሚሉት የማንን ነው? የተመታች ሴት ምን ነውር ሠራች? የሚደበቀው እኮ የእሱ ነው።»

«ይሁን። ግን ማን አይቷል?» አሉ፤ የመጨረሻዋ በራቸው ይህች ነበረች። «ምስክር የለም። እሷ ራሷ ወደቅሁ ነው የምትለው።»

ጠበቃዋ እንደገና ወደ ቀሚሱ ተመለከተች። «ይህን አንገትጌ እንዲህ ከፍ አድርገው እንዲሰፉት እሷ ናት ያዘዘችዎ?»

«የለም፣ እኔው ነኝ። ልኳን ስወስድ ያየሁትን አይቼ፣ ሰው እንዳያይባት ብዬ።»

«ያዩትን ጽፈውታል?»

«ያልጻፍኩት ልክ የለም» አሉ፤ ይህ የሙያ ኩራታቸው ነው። ልብስ ሰፊው የእያንዳንዱን ደንበኛ ልክ ከነቀኑ የሚመዘግቡበት ወፍራም ደብተር አላቸው። ያበጠ ክንድ ላይ የተወሰደ ልክ ያሳስታልና፣ እንዲህ ያለውን ነገር ከቁጥሩ ጎን ማስፈር ልማዳቸው ነው። ልክ መሆናቸውን ሊያሳዩ ደብተሩን አውጥተው የጸሐፊዋን ገጽ ገለጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

«‹ግራ ክንድ አብጧል፤ እጅጌው ረዘም፣ ለቀቅ ይበል።› ይኼ የመጀመሪያው ነው። ‹ቀኝ እጇን ወደ ኋላ መመለስ አልቻለችም፤ ቁልፉ በፊት በኩል ይሁን።› ሁለተኛው። ‹ጎኗን ያማታል፤ ወገቡ አይጥበቅ።›» ድምፃቸው እየወረደ ሄደ። የአሁኑን ያነበቡት ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ ነው። «‹አንገቷ ላይ የጣት ምልክት አለ፤ አንገትጌው ከፍ ይበል።›»

ከዚያ ቀኖቹን አዩ። ሦስቱን እርቅ የፈጸሙባቸውን ቀኖች በቃላቸው ያውቃሉ፤ ከየእርቁ እስከሚቀጥለው ጉዳት ያለው ጊዜ ከአራት ወር አይበልጥም።

«እጁ ከክንድ ተነስቶ አንገት ደርሷል» አለች ጠበቃዋ። «እኛ ዘንድ አንገቷን የታነቀች ሴት መዝገብ ሲመጣ ነገ እንየው አንልም። አምስተኛ ልክ የሚወስዱላት ይመስልዎታል?»

ልብስ ሰፊው መቀመጫቸውን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። አርባ ዓመት የሰው ገላ የለካ ዓይናቸው ሁሉን አይቷል፤ እጃቸውም ሁሉን ጽፏል። ያ ሁሉ ሲሆን እሳቸው ያሰቡት ስለ እጅጌው ርዝመት ነበር። አፈሩ፤ እንዲህ ያፈሩበትን ጊዜ አያስታውሱም።

«ምስክሩ እኔ ነኛ» አሉ።

«እርስዎ ነዎት። ግን አስቀድሞ እሷን መጠየቅ አለብን፤ ካልፈለገች እኔም እርስዎም አናስገድዳትም።»

ስልኩን አንስተው ጸሐፊዋ ያረፈችበት እህቷ ቤት ደወሉ። «ልጄ፣ አስር ሰዓት ላይ እንዳትመጪ» አሏት። «ሦስት ጊዜ ሳስታርቅሽ ምን እንደምትፈልጊ አንድም ቀን አልጠየቅሁሽም። ዛሬ ልጠይቅሽ።»

ጸሐፊዋ በዝግታ «ቤቴ መግባት እፈልጋለሁ ጋሼ» አለች። «እሱ በሌለበት።»

ልብስ ሰፊው ስልኩን ዘግተው የነገረቻቸውን ለእህታቸው ልጅ ነገሯት። «ሕጉም የሚለው ይህንኑ አይደል?» አሉ፤ የገረማቸው ነገር ሕጉና ሴትየዋ አንድ ቃል መናገራቸው ነበር።

የካባውን ጠርዝ ጨርሰው፣ ደብተሩን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ሱቁን ቆለፉ። ፋርማሲስቱ በአስር ሰዓት ሲመጣ ያገኘው የተዘጋ በር ነው። በዚያው ሰዓት ጸሐፊዋ ጠበቃዋ ባዘጋጀችላት ማመልከቻ፣ በእህቷ ታጅባ ዳኛዋ ፊት ቀርባ ነበር፤ የደረሰባትንም ራሷ ተናገረች። ልብስ ሰፊው ከሷ ቀጥለው መነጽራቸውን አድርገው አራቱን መስመሮች አነበቡ። ጊዜያዊው ትእዛዝ የተሰጠው በዚያኑ ዕለት ነው።

ፋርማሲስቱ በሦስተኛው ቀን ሱቁ መጣ። እንደ ልማዱ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ ልብስ ሰፊው ግን መቀሳቸውን አላስቀመጡም።

«ጋሼ፣ እርስዎ የኔ ሽማግሌ አልነበሩም እንዴ?»

«ነበርኩ። የሁለታችሁም ነኝ እያልኩ ያንተ ብቻ ሆኜ ኖርኩ፤ ጥፋቴ እሱ ነው» አሉት። «ቁጣህን እንድትገራ የሚመክሩህ ሰዎች ዘንድ እንድትሄድ ዳኛዋ አዘውሃል አሉ፤ ሂድ። ስለ ሚስትህ ጉዳይ የምታነጋግረው ግን ፍርድ ቤቱን ነው።»

ሰውየው ሄደ። ደስ ብሎት አልሄደም፤ ግን ሄደ፣ ሕጉ ደግሞ ደስ ይበልህ አላለውም።

ልብስ ሰፊው ወሬ ስለሚወዱ ዛሬም ልኩን ሊሰጥ የመጣ ሁሉ ይሰማል። የሚሰማው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳይቀይሩ፣ አልጋቸውን ሳይለቁ መቅረታቸውን ይናገራሉ፤ ቀለቡ በወቅቱ እንደሚደርስ፣ ትንሹ ልጅ በር ሲንኳኳ መደንገጥ እንደተወ ይናገራሉ። «ሁለት ሰዎች በንብረት ወይም በነገር ቢጣሉ አስታርቃለሁ» ይላሉ። «አንዱ ሌላውን የሚፈራው ከሆነ ግን ያ ጠብ አይደለም፤ ወደ ሕግ ነው የምሸኘው። መንገዱንም አውቀዋለሁ።»

ትእዛዙ ከጸና ከወር በኋላ ጸሐፊዋ ራሷ መጣች። ያ አንገተ ረጅም ቀሚስ ከመስቀያው ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ ልባስ ሆኗል።

«እጅጌውን እስከ የት ላድርገው?» አሉ ሜትራቸውን ዘርግተው።

«አጭር ይሁን፤ ሙቀት ነው። ኪስ ግን ይኑረው፣ ከውስጥ በኩል» አለችና ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ዳኛዋ የፈረሙበት ትእዛዝ ነው።

ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ርዝመቱንና ወርዱን ለኩ። በደብተራቸው ላይ «ኪስ፣ ከውስጥ በግራ፣ ለትእዛዙ» ብለው ጻፉ። ቀጥለው ክንዷን ለኩና፣ ከቁጥሩ ጎን የሚጽፉት ነገር ስላላገኙ ቦታውን ባዶ ተዉት።