ለሙከራ የገባው ሶፋ

ለእናትየዋ ዓይን ሕክምና የተቀመጠው ገንዘብ ሶፋ ሆነ። ሶፋውን ለእናትየዋ የሸጠላት የገዛ ወንድሟ ነው፤ መሸጫ ዘዴውን ያስተማረችው ደግሞ የእናትየዋ ልጅ።

ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ አጎቷን አዲሱ ሶፋ ላይ ተንሰራፍቶ አገኘችው።

"ጋሼ፣ የዓይኗን ገንዘብ ተቀበሉ?"

"ምን ላድርግ ምሁሯ? ለሳምንት ሞክሪው፣ ካልወደድሽው መልሺው አልኳት፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ከፈለች። ያንቺው ትምህርት አይደል?"

ነገሩ እውነት ነው። አምና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች በአጎቷ የቤት ዕቃ ሱቅ የተለጠፈውን "መንካት ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ቀድዳ የጣለችው እሷ ናት። ሰው የነካውን፣ ቤቱ ያስገባውን ዕቃ ገና ሳይከፍልበት የራሱ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ዋጋው ሳይሆን መነጠቁ ነው የሚያሳስበው ብላ ስትከራከረው አጎትየው በሳቅ ፈርሶ ነበር።

"ያኔ አላመንኩሽም፤ አሁን አፌን ሞልቼ እመሰክራለሁ" አላት። "ገበያዬ ደርቷል፤ የሚመልስ ሰው የለም። እኔም አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ፤ የትራሱን ልብስ ራሳቸው እንዲሰፉትና እንዲጠልፉት ጨርቅና ክር እሰጣለሁ። የሰፋበትን ማን ይመልሳል?"

ትራሱን አየችው። የጥልፉ አበባ ከግንዱ ተነጥሎ ለብቻው ተንሳፍፏል። እናቷ በዳበሳ ነው የሰፋችው።

"እህትዎ እኮ ናት!"

"ለዚያም ነው ቅናሽ ያደረግኩላት።"

እናትየዋ ግድግዳውን በእጇ እየተከተለች ከጓዳ ወጣች።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች ልጅቷ። ማንም ገዢ ኪሱን ከመፍታቱ በፊት ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። "ይህ ሶፋ ዛሬም ሱቅ ውስጥ ቢሆን፣ ገንዘቡም እጅሽ ላይ ቢሆን፣ ትገዢው ነበር?"

እናትየዋ አሰበች። "አልገዛውም። እውነትሽን ነው። እታከምበት ነበር።"

"ሰሙ ጋሼ? ይመለስ!"

አጎትየው አልተከራከረም። ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። "ይኸው። ትውሰደው።"

እናትየዋ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ብሩን ነኩት፣ አለፉት፣ ትራሱ ላይ ሲደርሱ አረፉ። "ሱቅ ቢሆንማ ማን ይገዛዋል" አለች፣ ጥልፉን እየዳበሰች። "ይኼ ግን የኔ ነው። የራሴን ምን ብዬ ልመልስ?"

አጎትየው ብሩን ወደ ኪሱ መለሰ። ልጅቷን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

"በሩን ዝጊው እንጂ፣ የኔ ልጅ" አለች እናቷ ከውስጥ፤ "ሶፋዬን አቧራ እንዳይነካብኝ።"

ዘጋችው።