ምስክር ከየት ያመጣል?

ከፉትስክሬይ ወደ አስኮት ቬል በሚሄደው ትራም፣ ከፊቴ ካለው ወንበር ላይ ሁለት ሐበሾች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ።

«ጋሼ ሙሄ፣ አብሮኝ ሺፍት የሚሠራው ህንድ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እነሱ አገር በዘሩ የተናቀን ሰው በዘሩ የሰደበ ይታሰራል።»

«እሰይ! ደግ ሕግ ነው።»

«ማስረጃው ግን ከባድ ነው። ሰዳቢው ራሱ ከተናቁት ወገን መሆን የለበትም። ለማዋረድ ብሎ መስደቡም መረጋገጥ አለበት። ደግሞ ሰው ባለበት፣ በአደባባይ መሆን አለበት።»

«ጓዳ ውስጥ ቢሰድበውስ?»

«በዚህ ሕግ አይያዝም።»

«አይ ህንድ! ስድብ የሚጀምረው ከጓዳ አይደለም እንዴ? እኛስ ተመስገን፣ እንዲህ ያለ ጣጣ የለብንም።»

«አልሐምዱሊላህ። ለመሆኑ የሴት ልጅዎ ኒካህ መቼ ነው?»

«ቀረ።»

«ምነው? ልጁ ጨዋ አይደለም እንዴ?»

«ጨዋስ ጨዋ ነው። አጥንቱን ሳስጠይቅ ግን አባቱ ቀጥቃጭ ሆኖ ተገኘ።»

«ምን አሉት ታዲያ?»

«‹ቡዳ ደጄን አይረግጥም› አልሁት።»

«ሰው ባለበት?»

«የምን ሰው? እንዳሁኑ ትራም ውስጥ ነበርን። ዙሪያችን ፈረንጅ፣ ትኬት ተቆጣጣሪዋም ፈረንጅ። ያ የህንድ ሕግ እዚህ ቢመጣ እንኳ ምስክር ከየት ያመጣል?»

ቀጥቃጩ አባቴ ከመዳብ የሠራልኝን ቀለበት በጣቴ ላይ እያዞርሁ፣ መውረጃዬን አሳለፍሁ።