ግብር የፈራ ግድግዳ

አገሩ ገና ሰላም ሳለ፣ ኸሪፍ የሚሉት የካርቱም ዝናብ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ጫማዬን ላሰፋ ዴም ሰፈር ወርጄ ነበር። መንገዴ ላይ አንድ ሽማግሌ የገዛ ቤታቸውን ግድግዳ ጭቃ ሲለጥፉበት አየሁ። ጭቃ መለጠፍ ነውር አይደለም፤ ከዴም ቤቶች ብዙዎቹ የጭቃ ናቸው። የገረመኝ ግድግዳው ገና ትናንት ኖራ ተቀብቶ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ሰውዬው ያንን ነጭ ማቆሸሻቸው ነው።

ቀረብ ስል ሐጂ ሙሐመድአወል ናቸው። ከወሎ ካርቱም የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው፤ ቤቱንም ያወረሷቸው ሟች ሱዳናዊት ባለቤታቸው ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን አንዴ ግትር ካሉ ወደፊትም ወደኋላም የለም።

«እንደምን አደሩ ሐጂ? ምን እየሠሩ ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ መምህር በየነ። ይቺ ልጅ ያበላሸችውን እያስተካከልኩ ነው።»

«ይቺ ልጅ» ያሏት በሩ ላይ እጇን አጣምራ የቆመችውን አንዲት ልጃቸውን ፋሪሃን ነው። ፋሪሃ ዩኒቨርሲቲ የመሬት ቅየሳ ትማራለች። ካርቱም ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ በዐረብኛ የተጠጋገነ ነው።

«መምህር፣ ወላሂ አንተ ፍረድ!» አለችኝ። «ለዒድ ብዬ ቀባሁት። አቡይ ደግሞ የመሐሊያ ሰዎች ሰፈር ሊገቡ ነው ሲባል ሰምቶ ጭቃ ቀባው!»

መሐሊያ ማለት የካርቱም ማዘጋጃ ቤት ነው። አዋኢድ የሚባለውን የቤት ግብር የሚያስከፍለው እሱ ነው።

«እንዴታ!» አሉ ሐጂ። «ያማረ ቤት ካዩ አዋኢዱን ይሰቅሉታል። ጎረቤቴ ኦመር ቤቱን አሳምሮ ቀባ፤ በዓመቱ ግብሩ እጥፍ ሆነበት። መምህር፣ እኔ ይኼን እያየሁ ነው ያደግሁት። ወሎ እያለሁ የመንግሥት አሥራት ገማች መጣ ሲባል አባቴ በሬዎቹን ወደ ቆላ ይሰዳል፤ እኛን ቡትቶ ያለብሰናል። ገማች ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ይገምታል። ሳያይብህ ካለፈ ያን ዓመት ትበላለህ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ልስቅባቸው አልቻልኩም፤ ፍርሃታቸው ከሜዳ የተገኘ አይደለምና። ነገሩ የቀለም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጫማዬን ይዤ በሄድኩ ነበር። ፋሪሃ ግን «ግባና ጓሮውን ተመልከት» አለችኝ።

ጓሮ ባለችው ክፍል ሀኒፋ የምትባል የወሎ ልጅ ከሕፃን ልጇ ጋር ተከራይታ ትኖራለች። በሰው ቤት ሠርታ አዳሪ ናት፤ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ልብስ ታጥባለች። የክፍሏ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ሆዱን ነፍቷል። አልጋዋ ከስንጥቁ ሥር ነው። ደነገጥሁ።

«ሐጂ፣ ይኼን ለምን አያሠሩትም?»

«ግንበኛ ባስገባ አሸዋው ደጅ ይደፋል። አሸዋ ካዩ ይገባሉ፣ ከገቡ ይለካሉ። ይቺ ክፍል ደግሞ እኔው በእጄ የጨመርኳት ናት፤ እነሱ አያውቋትም። ለአንድ ግድግዳ ብዬ ቤቴን በሙሉ አላስገምትም፣ ኸላስ!»

«አቡይ፣ አዳምጠኝ» አለች ፋሪሃ። «አዋኢድ በዓይን አይገመትም፤ ይሰላል። መጀመሪያ ሰፈሩ ስንተኛ ደረጃ ነው ይላሉ። የዴም ደረጃ ሌላ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር ሌላ። ከዚያ ቦታው ስንት ሜትር ነው፣ ምን ያህሉ ተሠርቶበታል፣ ፎቅ አለው ወይ? ደግሞም መኖሪያ ነው ንግድ ቤት? ይኼን ይኼን አባዝተው ነው የሚያወጡት። ቀለም የለበትም። የሰው ቁጥርም የለበትም።»

«የሰው ቁጥር የለበትም?»

«የለበትም! የቆሻሻ ማንሻው ክፍያ እንኳ ለብቻው ነው፤ እሱም በቤት እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም። አንተ ግን ሰዎቹ በመጡ ቁጥር ሀኒፋን ከነልጇ ከቤት ታስወጣለህ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ሐጂን አየኋቸው፤ እሳቸው መሬት መሬት አዩ።

«ለክፋት አይደለም» አሉ። «ብዙ ሰው እንዳይቆጥሩብኝ ነው። እሺ፣ የኦመርስ ግብር ለምን ጨመረ?»

«ኦመር ወደ መንገዱ በር ከፍቶ ሱቅ አወጣ። የጨመረበት ሱቁ ነው እንጂ ቀለሙ አይደለም።»

«መሐሊያ እንዲህ አለሽ?»

«አላለኝም። ግን ያስታውቃል።»

«እንግዲያው አንቺም እንደኔው ገመትሽ» አሉ ሐጂ።

እኔም በልቤ ለሽማግሌው ፈረድኩ። መማር ጥሩ ነው፤ ቢሆንም የተማረ ሰው ሳይጠይቅ ሲያስረዳ ካልተማረው በምን ይሻላል?

«ታዲያ ሄደን እንጠይቃ» አልኩ።

«መምህር፣ ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባበትም። በእግሬ ሄጄ ኑ ግብር ጫኑብኝ ልበላቸው?»

ይህን ጊዜ ሀኒፋ የምታጥበውን ልብስ ትታ ተነሣች።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር ልናገር፤ አይቆጡኝ» አለች። «እርስዎ እንደ አባት ነው የያዙኝ። ግን ደመና በመጣ ቁጥር እንቅልፍ የለኝም። ግድግዳው አፈር ያራግፋል። ልጄን ወዲያ አስተኝቼ እኔ በግድግዳው በኩል እተኛለሁ፤ ቢወድቅ እኔን ቀድሞ ያግኘኝ ብዬ።»

«ያ ረብ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ግብሩን እንዲያ ሲፈሩት እያየሁ አፈርኩ። ደግሞ ውጪ ቢሉኝ፣ ከነሕፃን ማን ያከራየኛል?»

ሐጂ ጭቃ የነካውን እጃቸውን በዝግታ ታጠቡ። «እሑድ መሐሊያ እንሄዳለን» አሉ በመጨረሻ። «መምህር፣ እርስዎም ይምጡ፤ ምስክር ይሁኑኝ።»

እሑድ ከፋሪሃ ጋር ሦስት ሆነን ሄድን። የተቀበለችን ነጭ ቶብ የለበሰች በዕድሜ የገፋች ጸሐፊ ናት። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አንድ ዘመድ አለኝ፤ ዴም ቤት አለው» ብለው ጀመሩ። ፋሪሃ ወደ እኔ ዞራ ሳቋን ዋጠች።

ጸሐፊዋ ስለ ደረጃው፣ ስለ ስፋቱና ስለ አገልግሎቱ ፋሪሃ ያለችውን ያህል አስረዳች።

«ዘመዴ ቤቱን ኖራ ቢቀባስ?»

«ያ ሐጅ፣ እኛ የምንለካው ቦታና ግንብ ነው። ኖራው ለዘመድዎ ዓይን ነው።»

«ወደ መንገድ ሱቅ ቢከፍትስ?»

«እሱ ንግድ ነው፤ ይጨምራል።»

ፋሪሃ ደረቷን ነፋ አደረገች። ሐጂ ግን አልጨረሱም። «ያልተመዘገበች አንዲት የጓሮ ክፍል ብትኖረውስ?»

«ትለካለች፤ በስፋቷ ልክም ይጨመርበታል።»

አሁን የደነገጠችው ፋሪሃ ናት። የተሠራው ስፋት ይቆጠራል ብላ ራሷ ስታስረዳ የጓሮዋን ክፍል ረስታታለች። ጸሐፊዋ ስፋቱን ጠይቃ ስሌቱን እፊታችን ሠራችው። የዓመቱ ጭማሪ ሀኒፋ በወር ከምትከፍለው ኪራይ ያንስ ነበር።

«ስሌቱ ትክክል ካልመሰላቸው በጊዜው አቤት ይበሉ፤ ተመልሶ ይለካል» አለች። «ዘመድዎ ታዲያ ምን ይላሉ?»

ሐጂ ጢማቸውን ደባበሱ። «ዘመዴ እኔው ነኝ» አሉ። «ይለካ።»

በማግስቱ ቢልልኝ የሚባል ወጣት ግንበኛ መጣ፤ ወደ ሊቢያ የሚሻገርበት እስኪቃናለት በቀን ሥራ የሚኖር ልጅ ነው። የሀኒፋን ዕቃ ወደ ሐጂ ሳሎን አጋዝን። ቢልልኝ ዶማውን ከማንሣቱ በፊት ከውጭ በኩል ሆኖ ግድግዳውን በመዳፉ ገፋ አደረገው። ከዚያ በላይ አላስፈለገም። ግድግዳው እንዳለ ወደ ውስጥ ወረደ፣ አልጋው በነበረበት ላይ።

አቧራው ከረጋ በኋላ ሐጂ ክምሩን ሲያዩ ቆይተው መሬት ላይ ቁጭ አሉና እንባቸው መጣ። ፋሪሃ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባቴ በሬ ነበር የሚደብቀው» አሉ። «እኔ ሰው ደበቅሁ።»

ከዚያ ወዲህ ሐጂን የሚያውቅ ሁሉ ምክራቸውን ሳይሰማ አያልፍም። ከሶላት በኋላ ጎረቤቶቻቸውን ይዘው፣ «ግብራችሁ እንዴት እንደሚሰላ ሄዳችሁ ጠይቁ» ይላሉ። «ላወቁት ግብር አስቀድመው ገንዘብ ያጠራቅሙለታል፤ ያላወቁትን ግን ዕድሜ ልክ ሲፈሩት ይኖራሉ። ቢበዛባችሁ አቤት ትላላችሁ። የቆሻሻው መኪና ቢቀር ደግሞ ከፍያለሁ፣ የት አለ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ።» ራሳቸውም የደጃቸው ቦይ ከዝናቡ በፊት ይጠረግልኝ ብለው መሐሊያን ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ነዝንዘዋል። ተጠረገ። እኔም የምጨምረው ጥቂት ነው፤ የሚከፍል ሰው የመጠየቅ አፍ አለው፣ የሚደበቅ ሰው ግን ቤቱ እላዩ ላይ ቢፈርስም የሚጮኽበት አፍ የለውም። ግብሩ ሁልጊዜ ያንሳል ብዬ አልዋሽም። የሐጂም ጨምሯል። ብቻ አሁን ስንት እንደሆነና ለምን እንደሆነ ያውቁታል።

ቢልልኝ አዲሱን ግድግዳ ጨርሶ ሀኒፋ ከነልጇ ክፍሏ ከተመለሰች በኋላ ኸሪፍ ገባ። የመጀመሪያው ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አደረ፤ እኔ እንኳ በነጎድጓዱ ዓይኔን አልከደንኩም። ጠዋት በዴም ሳልፍ መንገዱ ኩሬ ሆኗል። ሀኒፋ ልጇን አዝላ ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ተገናኘን።

«ዝናቡ እንዴት አሳደራችሁ?» አልኳት።

መንገዱን አየች። ሰማዩንም ቀና ብላ አየች።

«ውይ መምህር፣ ዘንቦ ነው እንዴ ያደረው?» አለችኝ።