ከነፕላስቲኩ የተተከለ ችግኝ

ስለ አካባቢ ጥበቃ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ በደርግ ዘመን ለሥራ ልምምድ ሆሳዕና ከተማ የተመደብኩ ሰሞን ነው። በአቅራቢያው ሌሞ ወረዳ ውስጥ የገበሬ ማኅበር አባላት አንድ የተራቆተ ኮረብታ ላይ ችግኝ ሲተክሉ፣ አንዲት እናት ችግኙን ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ሲከቱት አየሁ። ሰው ፊት መናገር ስለማፍር ጎንበስ ብዬ፣ «እማማ፣ ፕላስቲኩ ካልወለቀ እኮ ይደርቃል» አልኳቸው።

«እሱን መች አጣነው፣ ልጄ!» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከጸደቀ ኮረብታው ይከለላል። ከብት ግጦሽ ካጣ ፍግ የለም፤ ያለ ፍግ እንሰት አያድግም። ታዲያ ምን እንብላ?»

ኃላፊያችን ከኋላዬ መጥቶ «ምን ተፈጠረ?» ሲል የሴትየዋ እጅ እዚያው ጉድጓዱ ላይ ቀረ። የሠሩትን ብናገር እንደሚቀጡ ገባኝ።

«ጓድ፣ ከብት ባይገባም ገበሬዎቹ ሣሩን አጭደው እንዲወስዱ ቢፈቀድላቸውስ?» አልኩ።

«ገና ዛሬ መጥተሽ መመሪያ ልታወጪ?» ብሎ ሳቀ። «እስቲ ስብሰባ ላይ አንሺው» አለኝና አለፈ።

ሴትየዋ ችግኙን አውጥተው ፕላስቲኩን ቀደዱና መልሰው ተከሉት። የቀሩትን ችግኞች ግን ኮረብታው ግርጌ ካለ ዛፍ ጥላ ሥር ደረደሯቸው።

«ይቺን የተከልኳት ላንቺ ብዬ ነው» አሉኝ። «እነዚያ የስብሰባውን መልስ ይጠብቃሉ።»